የአሮጌ ዲስክ ባለቤት ማን ነው? የፋይል ፈቃድ ታሪክና የቀድሞ ሥርዓቶች ጽዳት

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ግልባጭ



የዛሬው ርእሴ ላይ ላዩን ሲታይ የጥገና ክፍል ሥራ እንጂ የታሪክ ጉዳይ አይመስልም። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ሃርድ ዲስክ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። በውስጡ የቀረው የቀድሞው ሥርዓተ ክወና ያለ ጥቅም ቦታ ይዟልና እንዲጠረግ ይፈለጋል። የማጥፋት ትእዛዝ ሲሰጥ ግን ማሽኑ «ፈቃድ የለህም» ብሎ ይመልሳል። ዲስኩን በገንዘቡ የገዛው፣ ፋይሎቹንም በገዛ እጁ የጻፋቸው ሰው በራሱ ንብረት ላይ እንደ ባዕድ ይቆጠራል።

ብዙዎቻችን ይህን መልስ እንደ ብልሽት እናየዋለን፤ የምንፈልገውም የሚያልፍበትን ዘዴ ብቻ ነው። ዘዴውን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ይሁን እንጂ ክልከላው ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያልተረዳ ሰው ዘዴውን ቢያውቅም የትኛው በር ያለ ጭንቀት ሊከፈት እንደሚገባ፣ በየትኛው ፊት ደግሞ ቆም ብሎ ማሰብ እንደሚያስፈልግ አይለይም። የንግግሬ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የፋይል ፈቃድ ዲስኩ ከሚያስተዳድረው ሥርዓት ጋር የገባው ውል ነው። ሥርዓቱ ሲሞት ውሉን የሚያስፈጽም ዳኛ ይጠፋል፤ የውሉ ጽሑፍ ግን በዲስኩ ላይ ተጽፎ ይቀራል። ስለዚህ አሮጌ ዲስክ የሚያጸዳ ሰው ሳያውቀው የውርስ ጉዳይ እየዳኘ ነው።

የባለቤትነት ጥያቄ አመጣጥ

በ1950ዎቹ ኮምፒውተር የሚጠቀም ተመራማሪ ፕሮግራሙንና መረጃውን በተበሱ ካርዶች ላይ አዘጋጅቶ ለማሽኑ ሠራተኛ ያስረክብ ነበር። ማሽኑ የአንዱን ሥራ ሲጨርስ የሌላውን ይጀምራል። በዚያ ዘመን በማሽኑ ውስጥ የባለቤትነት ጥያቄ አይነሳም፤ የካርዱ ሳጥን በማን እጅ እንዳለ ማየት ብቻ ይበቃ ነበርና።

ይህን የለወጠው ጊዜን መጋራት የሚባለው አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1961 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ማለትም በኤም አይ ቲ፣ በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት ሲ ቲ ኤስ ኤስ የተባለ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ በተግባር ታየ። ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዳቸው በየጽሕፈት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው፣ አንዱን ማሽን መጠቀም ቻሉ። ብዙም ሳይቆይ የሁሉም ፋይሎች በአንድ የጋራ ዲስክ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ካርዱ ከእጅ ወጣ፤ ሥራው ማንም ሊነካው በሚችል ቦታ ላይ አደረ። የይለፍ ቃል በኮምፒውተር ዓለም ውስጥ ከገባባቸው ቀዳሚ ቦታዎች አንዱ ይህ ሥርዓት መሆኑ ስለዚህ የሚያስገርም አይደለም።

ጥበቃው ምን ያህል ስስ እንደነበር ኮርባቶ ራሳቸው ለ1990 የተሰጣቸውን የቱሪንግ ሽልማት ምክንያት በማድረግ ባቀረቡት ንግግር ተርከውታል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሁለት የሥርዓቱ አስተዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ፋይሎችን ያርሙ ነበር። አንደኛው የዕለቱን መልእክት፣ ሌላኛው የይለፍ ቃሎቹን ዝርዝር። የማረሚያው ፕሮግራም ለጊዜያዊ ፋይሉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስም ይሰጥ ስለነበር ሁለቱ ተቀላቀሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ማሽኑ የገባ ሰው ሁሉ እንደ ሰላምታ የሁሉንም ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ተቀበለ። ማረሚያው የተሠራው አንድ ሰው ብቻ በአንድ ቦታ እንደሚሠራ ታስቦ ነበር። ከዚህ የምንማረው የፋይል ፈቃድ ሌባን ለመከላከል ብቻ የተፈጠረ አለመሆኑን ነው። በቅን ልቦና ጎን ለጎን የሚሠሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ እንዳያበላሽበትም የተበጀ አጥር ነው።

ዘጠኙ ምልክቶች

የኤም አይ ቲ ቡድን ከጄኔራል ኤሌክትሪክና ከቤል ላቦራቶሪዎች ጋር ሆኖ ቀጥሎ የነደፈው መልቲክስ የተባለው ሥርዓት ነው። እቅዱ በ1965 ይፋ ሆነ። በመልቲክስ እያንዳንዱ ፋይል ማን ሊያነበው፣ ማን ሊጽፍበት እንደሚችል የሚዘረዝር የራሱ መዝገብ ነበረው። ሐሳቡ የተሟላ ቢሆንም ሥርዓቱ ከባድ ነበር፤ ቤል ላቦራቶሪዎችም በ1969 ከፕሮጀክቱ ወጣ።

ከዚያ የወጡት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በዚያው ዓመት በአንዲት አነስተኛ ማሽን ላይ ዩኒክስን ጀመሩ። ረጅሙን መዝገብ ትተው ጥቂት ምልክቶችን ብቻ አስቀሩ። አሠራሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በያዘው ቅርጽ እያንዳንዱ ፋይል አንድ ባለቤትና አንድ ቡድን አለው፤ ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌላው ሰው ሁሉ ሦስት ሦስት ፈቃዶች ይሰጣሉ፤ ማንበብ፣ መጻፍና ማስኬድ። በድምሩ ዘጠኝ ምልክቶች መሆናቸው ነው። የሊኑክስ ተማሪዎች 755 ወይም 644 እያሉ የሚጽፏቸው ቁጥሮች የእነዚህ ዘጠኝ ምልክቶች አጭር አጻጻፍ ናቸው፤ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ሆነው ይደመራሉ።

ለዛሬው ርእሳችን ከዩኒክስ ሁለት ነገሮችን መያዝ ያስፈልገናል። የመጀመሪያው የማጥፋት ሕግ ነው። በዩኒክስ አንድን ፋይል ለማጥፋት የሚጠየቀው በፋይሉ ላይ ያለ ፈቃድ ሳይሆን ፋይሉ በተመዘገበበት ማውጫ ላይ ያለ የመጻፍ ፈቃድ ነው። ማጥፋት ማለት ስሙን ከመዝገብ መሰረዝ ነውና መዝገቡን መጻፍ የሚችል ሰው ይሰርዘዋል። ብዙ ጀማሪዎች በፋይሉ ላይ ያሉትን ፈቃዶች ሁሉ ከፍተው «አሁንም አልጠፋም» የሚሉት ፈቃዱን መለወጥ የነበረባቸው አንድ ደረጃ ከፍ ብለው በማውጫው ላይ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ስም የሚጻፍበት መንገድ ነው። ዲስኩ ላይ የሚጻፈው የባለቤቱ ስም አይደለም፤ አጭር ቁጥር ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው ሥርዓቱ የሚይዘው ሌላ ዝርዝር ነው። በዛሬዎቹ አብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች የመጀመሪያው ተራ ተጠቃሚ 1000 የሚል ቁጥር ይሰጠዋል። እንግዲህ አልማዝ የምትባል ተጠቃሚ ትሠራበት የነበረው ዲስክ ከበደ ወደሚሠራበት ኮምፒውተር ቢዛወር ምን ይሆናል? የአልማዝ ፋይሎች ሁሉ ያለ ምንም ጥያቄ የከበደ ይሆናሉ፤ እርሱም 1000 ነውና። ዩኒክስ በአሮጌ ዲስክ ፊት የሚሳሳተው ባዕዱን እንደ ባለቤት በመቀበል ነው። ቁጥር 0 የተሰጠው ዋና አስተዳዳሪ ደግሞ ከእነዚህ ሕጎች ሁሉ በላይ ስለሆነ የዩኒክስ ሰው አሮጌ ዲስክ ለማጽዳት የሚቸገርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሳያስበው የሌላውን ሰው ፋይል የሚያጠፋበት ጊዜ ግን ሊበዛ ይችላል።

ባለቤት የሌለው ዘመን

በ1981 የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒውተር ከዶስ ጋር ለገበያ ሲቀርብ ይህ ሁሉ ትምህርት ወደ ጎን ተተወ። ማሽኑ የአንድ ሰው ስለሆነ ባለቤት መመዝገብ አላስፈለገም። ፋይሎች «የሚነበብ ብቻ»፣ «የተሰወረ»፣ «የሥርዓቱ» የሚሉ ጥቂት ምልክቶች ነበሯቸው፤ እነርሱንም ማንም ሰው በአንዲት ትእዛዝ ማንሳት ይችል ነበር። ዊንዶውስ 95 እና 98 በዚሁ መሠረት ላይ ተሠሩ።

ከዚያ ዘመን የወረስነው ልማድ እስከ ዛሬ አብሮን አለ። ዲስኩን በእጁ የያዘ ሰው በውስጡ ያለውን ሁሉ እንደ ፈለገ ያደርጋል ብለን እንጠብቃለን። የዊንዶውስ 98 ዲስክ ነቅሎ ከሌላ ማሽን ጋር ያገናኘ ሰው የቀድሞውን ሥርዓት በደቂቃዎች ጠርጎ ቦታውን ይጠቀምበት ነበር። ኋላ የመጣው «ፈቃድ የለህም» የሚል መልስ ያስቆጣን ይህን ነጻነት ስለለመድን ነው።

ረጅሙ ቁጥር

በ1988 ማይክሮሶፍት በዲጂታል ኩባንያ ትልልቅ ሥርዓቶችን የሠሩትን ዴቭ ከትለርን ቀጠረ። እርሳቸውና ቡድናቸው የሠሩት ዊንዶውስ ኤን ቲ በጁላይ 1993 ወጣ፤ ከእርሱም ጋር ኤን ቲ ኤፍ ኤስ የተባለው የፋይል አደረጃጀት። ዓላማው በመሥሪያ ቤቶችና በመንግሥት ተቋማት የሚታመን ሥርዓት መሥራት ስለነበር የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያወጣውን የደኅንነት መመዘኛ ታሳቢ አድርጎ ተነደፈ፤ የ3.5 ቅጂውም በ1995 ሲ 2 የተባለውን ደረጃ አገኘ። በዚህ መንገድ የመልቲክስ ረጅም መዝገብ ወደ ጠረጴዛችን ተመለሰ።

ኤን ቲም እንደ ዩኒክስ በዲስኩ ላይ ስም አይጽፍም። የሚጽፈው ግን አጭር ቁጥር ሳይሆን በዓለም ላይ እንዳይደገም ታስቦ የተበጀ ረጅም መለያ ነው። መለያው ለአንድ ማሽን ተራ ተጠቃሚ ሲሆን «ኤስ-1-5-21» ብሎ ይጀምርና ማሽኑ በተተከለ ጊዜ የተፈጠሩ ሦስት ትልልቅ ቁጥሮችን ያስከትላል፤ በመጨረሻም የተጠቃሚው ተራ ቁጥር ይመጣል። የመጀመሪያው አስተዳዳሪ 500 ነው፤ ኋላ የሚፈጠሩት ከ1000 ይጀምራሉ። የስሙና የመለያው ዝምድና የተመዘገበው በዚያው ማሽን ውስጣዊ መዝገብ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዲስኩ ተነቅሎ ወደ ሌላ ማሽን ሲሄድ አዲሱ ማሽን የፋይሉን ባለቤት ይጠይቃል፤ ረጅሙን ቁጥር ያነባል፤ በመዝገቡ ይፈልገዋል፤ አያገኘውም። የደኅንነት መስኮቱን የከፈታችሁ ሰዎች በባለቤቱ ቦታ «ያልታወቀ ተጠቃሚ» የሚል ጽሑፍና ራሱን ቁጥሩን አይታችሁ ይሆናል። በአዲሱ ማሽን ላይ የድሮውን ስምና የድሮውን የይለፍ ቃል ይዞ ተጠቃሚ መፍጠርም አይረዳም። ስሙ አንድ ቢሆንም ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ሥርዓቱ ደግሞ የሚያውቀው ቁጥሩን ነው። ዩኒክስ ባዕዱን እንደ ባለቤት ሲቀበል ኤን ቲ ባለቤቱን እንደ ባዕድ ይመልሳል። ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሊያከራክር ይችላል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የተከለከለ ሰው ጠይቆ ሊገባ ይችላል፤ የጠፋን ፋይል ግን ጠይቆ መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም።

የኤን ቲ ነዳፊዎች ባለቤቱ የሄደበት ፋይል ለዘላለም ተቆልፎ እንዳይቀርም አስበዋል። ለአስተዳዳሪዎች ባለቤትነትን የመውሰድ መብት ሰጡ። በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች መደበኛው መስኮት አስተዳዳሪው ባለቤትነትን ለራሱ እንዲወስድ ይፈቅድለት ነበር፤ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ግን አይፈቅድለትም። ይህ አለምክንያት አልነበረም። የሌላውን ሰው ማኅደር የከፈተ አስተዳዳሪ አይቶ ሲያበቃ ባለቤትነቱን በቀላሉ መልሶ ዱካውን እንዳይሰውር ነው። መብቱን ሰጡት፤ በተጠቀመበት ጊዜ ግን ስሙ ተጽፎ እንዲቀር አደረጉ።

ሁለት ዓይነት ክልከላ በአንድ ዲስክ ላይ

በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስ ፒ ይህን ሥርዓት ወደ እያንዳንዱ ቤት አስገባ። የቤት ቅጂው የደኅንነት መስኮቱን በተለመደው አሠራር ስለሚሰውረው ብዙ ሰው ክልከላውን እንጂ ምክንያቱን አያይም ነበር።

በ2007 መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው ቪስታ ደግሞ ሌላ አጥር ጨመረ። የሥርዓተ ክወናው ዋና ዋና ፋይሎች «ትረስትድ ኢንስቶለር» ለተባለ የሥርዓቱ አገልግሎት ተሰጡ፤ አስተዳዳሪው እንኳ ሊያነባቸው እንጂ ሊያጠፋቸው አይችልም። የዚህ አገልግሎት መለያ ቁጥር ከስሙ በስሌት የሚገኝ ስለሆነ በማናቸውም ማሽን ላይ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቴክኒሻኖች የሚያደባልቁት ነገር አለ። አንድ አሮጌ ዲስክ ስናጸዳ የግል ማኅደሩና የዊንዶውስ ማኅደሩ በአንድ ዓይነት ቃል ይከለክሉናል፤ ምክንያታቸው ግን ተቃራኒ ነው። የግል ማኅደሩ የሚከለክለን ባለቤቱ ስላልታወቀ ነው። የዊንዶውስ ማኅደሩ የሚከለክለን ባለቤቱ በደንብ ስለሚታወቅ ነው፤ አዲሱ ማሽን የአሮጌውን ሥርዓት ፋይሎች ከራሱ ፋይሎች ጋር በአንድ ዓይነት ባለቤት ስም ያያቸዋልና እንደ ራሱ ይጠብቃቸዋል።

ሦስተኛ ወጥመድም አለ። ከቪስታ ጀምሮ «ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» የሚለው የድሮ ስም እውነተኛ ማኅደር አይደለም፤ ለአሮጌ ፕሮግራሞች ሲባል የተተወ፣ ወደ «ዩዘርስ» ማኅደር የሚጠቁም ምልክት ነው። ይዘቱን ለመዘርዘር የሚደረግ ሙከራ ሆን ተብሎ ተከልክሏል። ጠቋሚው የያዘው አድራሻ ከዲስኩ ፊደል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ«ሲ»፣ የሚጀምር ሙሉ አድራሻ ነው። አሮጌው ዲስክ በአዲስ ማሽን ላይ ሲገናኝ ግን «ሲ» የአዲሱ ማሽን ዲስክ ነው! ክልከላውን በጉልበት ያነሳና ጠቋሚዎችን በሚከተል መሣሪያ የሚጠርግ ሰው አሮጌውን ዲስክ ሲያጸዳ የአዲሱን ማሽን የግል ማኅደሮች ሊነካ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ያውም መልቀም ከተቻለ።

መፍትሔው በቅደም ተከተል

ታሪኩን ከተረዳን መፍትሔው ራሱ ይመጣል። አንደኛ፣ ክልከላው በእርግጥ የፈቃድ መሆኑ ይጣራ። ዲስኩ እየተበላሸ፣ ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተይዞ ወይም ተመስጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ለእነዚህ ፈቃድ መለወጥ መድኃኒት አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ከዲስኩ የሚፈለግ ነገር ካለ ምንም ፈቃድ ሳይለወጥ አስቀድሞ ይገልበጥ። ለዚህ ሊኑክስ ጥሩ መንገድ ነው። የኤን ቲ ኤፍ ኤስ ዲስክ በሊኑክስ ሲከፈት በተለመደው አሠራር እነዚያ ረጃጅም ቁጥሮች አይጠየቁም፤ ዲስኩንም ለማንበብ ብቻ መክፈት ይቻላል። ዘቡ በዲስኩ ውስጥ ሳይሆን በሥርዓቱ ውስጥ እንደሚቆም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ነገር ከተገለበጠና በዲስኩ ላይ የሚቀር ከሌለ ፋይሎችን አንድ በአንድ ለማጥፋት መታገል አያስፈልግም። ክፍልፋዩን እንደ አዲስ ማዘጋጀት፣ ፎርማት ማድረግ ማለት ነው፣ የአንድም ፋይል ባለቤት ፈቃድ አይጠይቅም። አንዲት ፋይል ለማጥፋት ፈቃድ የሚጠይቀው ሥርዓት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማጥፋት የሚጠይቀው የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ከፊሉ እንዲቀር ከተፈለገ ሥራው ሦስት እርምጃ አለው፤ ቅደም ተከተሉም አይለወጥም። በአስተዳዳሪነት በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት መጀመሪያ «ቴክኦውን» በተባለው ትእዛዝ ባለቤትነት ይወሰዳል። ባለቤት መሆን ብቻውን የማጥፋት ፈቃድ አይሰጥም፤ የፈቃዱን መዝገብ የመለወጥ መብት ግን ይሰጣል። ስለዚህ ቀጥሎ «አይካክልስ» በተባለው ትእዛዝ ፈቃዱ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ማጥፋት ይቻላል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን እርምጃ ዘሎ ሦስተኛው እምቢ ሲለው ተስፋ ይቆርጣል።

ባለቤትነት ሲወሰድ በግል ስም ባይሆን እመክራለሁ። የአስተዳዳሪዎች ቡድን መለያ በየትኛውም የዊንዶውስ ማሽን ላይ አንድ ነው፤ ትእዛዙም ባለቤትነቱን ለቡድኑ የሚሰጥበት አማራጭ አለው። ዲስኩ ነገ ወደ ሌላ ማሽን ቢዛወር ቡድኑ እዚያም ይታወቃል። በግል ስም የወሰደ ሰው ግን ለሚቀጥለው ሌላ «ያልታወቀ ተጠቃሚ» ትቶ ያልፋል።

አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ በተነቀለ አሮጌ ዲስክ ላይ እንጂ በሚሠራ ሥርዓት ላይ አይደረግም። አዲስ ዊንዶውስ በአሮጌው ላይ ሲተከል «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባል ማኅደር ይቀራል። እርሱን ራሱ ሥርዓቱ የሚያጸዳበት መሣሪያ አለው፤ ዊንዶውስ 10ም ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ያነሳዋል።

ፈቃድ ምስጢር አይጠብቅም

የተናገርኩት ሁሉ አንድ የማያስደስት መደምደሚያ አለው። ክልከላው እንዲህ የሚታለፍ ከሆነ ለሌላውም ሰው ይታለፋል ማለት ነው። መሥሪያ ቤቶች «የይለፍ ቃል ነበረው» እያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮችን በጨረታ ሲሸጡ ይህን ማሰብ ይገባቸዋል። ማጥፋትም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ስሙ ከመዝገብ ሲሰረዝ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል። በ2003 ሲምሰን ጋርፊንከልና አቢ ሸላት ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ያገለገሉ 158 ዲስኮችን ገዝተው መረመሩ፤ ከሚሠሩት 129 መካከል በአግባቡ የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ ከ5000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች ተገኙ።

ምስጢር የሚጠብቀው ምስጠራ ነው። ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ፋይሎችን፣ ከቪስታ ጀምሮ ሙሉ ዲስክን መመስጠር ይቻላል። በዚህ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የተመሰጠረን ፋይል ባለቤትነት መውሰድ ማጥፋትን ይፈቅዳል፤ ማንበብን አይፈቅድም። ቁልፉ ከቀድሞው ተጠቃሚ ጋር የተያያዘ ነውና አሮጌውን ሥርዓት አስቀድሞ የጠረገ ሰው ቁልፉን አብሮ ይጠርገዋል።

የእኛ ጉዳይ

ይህ ነጥብ ወደ ራሳችን ያመጣኛል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መለኪያ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 ቅጂ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በአማርኛ የተጻፉ ሰነዶች እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር ለራሱ ባወጣው አቀማመጥ ይጻፉ ነበር። የዚያ ዘመን ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከእርሱም ላይ ለትእዛዝ የተያዘው ይቀነሳል። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኀዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹ ፊደሉንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው በጽሑፍ ላይ አገጣጠሙት።

በእነዚያ ዓመታት በዚህ መንገድ የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና የመጻሕፍት ረቂቆች ዛሬ በአሮጌ ዲስኮች ላይ ይገኛሉ። የፈቃዱን ክልከላ አልፈን ሰነዱን ስንከፍት የምናየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድርድር ነው። የሚያነበው ቁልፍ ፎንቱ ነው። ፎንቱ የት ነው ያለው? በአሮጌው ሥርዓት የዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ፣ «ፎንትስ» በሚለው ንዑስ ማኅደር ነው። የግል ሰነዶቹን በጥንቃቄ ገልብጠን «ይህ ቆሻሻ ነው» ብለን ለመጥረግ የምንታገለው፣ ትረስትድ ኢንስቶለር አላስነካም የሚለን፣ ባለቤትነቱን ወስደን ፈቃዱን ከፍተን በመጨረሻ የምናጠፋው ያ ማኅደር ነው። ሰነዱን አትርፈን መነጽሩን እንሰብራለን።

ይህ ጉዳት በቀላሉ የሚጠገን አይደለም። ፎንቱ ካለ አቀማመጡን አጥንቶ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም መጻፍ ለአንድ ተማሪ የሳምንታት ሥራ ነው። ከሌለ ግን የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ በግምት መፈለግ ይሆናል። በሁለት ፎንት የተከፈለው ጽሑፍማ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው የአቀራረብ መረጃ ከጠፋ አንድ ምልክት ሁለት ፊደል ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በየመሥሪያ ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ ዲስኮችን የምታጸዱ ሁሉ ከማናቸውም ነገር በፊት የፎንቶቹን ማኅደርና የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሩ የተተከለበትን ማኅደር እንድትገለብጡ አደራ እላለሁ። ጥቂት ሜጋ ባይት ብቻ ነው የሚይዙት።

ለማጠቃለል፣ «ፈቃድ የለህም» የሚለው መልስ ከዚህ በፊት በዚህ ዲስክ ላይ ሌላ ሥርዓት፣ ሌላ መዝገብ፣ ሌሎች ሰዎች እንደነበሩ ይነግረናል። ነዳፊዎቹ ለወራሽ በር ትተውለታል፤ ትእዛዞቹም ከባድ አይደሉም። ከወራሽ የሚጠበቀው ከመክፈቱ በፊት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ነው፤ ይህ ፋይል የማን ነበር? አሁን በእርሱ ላይ የመወሰን ኃላፊነት የማን ነው? ቢጠፋ ከእርሱ ጋር ሌላ ምን የማይነበብ ይሆናል? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው ዲስኩን በልበ ሙሉነት ያጽዳው።